"ካሬው ስንት?" ይቅርና "በካሬው ስንት ኪሎ?" በሉ፦ ስለ ፋይበር ጣሪያ



ዛሬ የያዝነው የቡናም የሰሊጥም ዋጋ አይደለም። የጣሪያ ዋጋ ነው። "ይሄ ደግሞ እኛን ምን አገባን?" የምትሉ ካላችሁ ትንሽ ታገሱን። ላኪውም፣ አቅራቢውም፣ ዩኒየኑም ወቅቱ አልፎ እጁ ላይ ገንዘብ ሲተርፍ የሚሮጠው ወደ ግንባታ ነው። ሰሞኑን በውስጥ መስመር ከሚደርሱን ጥያቄዎች የበዛውም ይሄው ነው፦ "ጂ ፕላስ አንድ ቤት አለኝ፣ ሶሌታው ያፈሳል፣ ፋይበር ግላስ አልብሰው ብለውኛል፣ በካሬ ይህን ያህል ጠየቁኝ፤ ውድ ነው ርካሽ?"

በካሬ ዋጋ ብቻ ይሄ ጥያቄ አይመለስም። ቡና በጆንያ ብዛት የሚገዛ ነጋዴ የለም፤ ሚዛን አለ፣ የእርጥበት መለኪያ አለ፣ ናሙና አለ። ታዲያ ያው ነጋዴ ጣሪያ ሲገዛ ለምንድን ነው ጆንያ ቆጥሮ የሚከፍለው?

መጀመሪያ ዕቃው ምን እንደሆነ እንግባባ። ፋይበር ግላስ ምትሃት አይደለም። ባምፐር የሚጠገንበት፣ ጀልባ የሚሠራበት ያው ነገር ነው። የመስታወት ክር ተቆራርጦ እንደ ስስ ብርድ ልብስ የተነጠፈ ምንጣፍ አለ፤ ገበያው "ማት" ይለዋል። ሬዚን የሚባለው ወፍራም ፈሳሽ ከሃርደነር ጋር ይደባለቅና በሮለር ማቱን ያጠጡታል። ሲደርቅ ከላይ ፀሐይ የሚቋቋም የመጨረሻ ቅብ ይቀባል፤ ቶፕኮት የሚሉት እሱን ነው። በትክክል ከተሠራ ስፌት የለውም፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ቆዳ ነው። እንግሊዝ አገር ለጋራዥና ለቤት ቅጥያ ጠፍጣፋ ጣሪያ በብዛት ይሠሩበታል፤ 20 ዓመት ዋስትና የሚሰጡም አሉ። እዚያ ግን የሚለጠፈው 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው ደረቅ የእንጨት ቦርድ ላይ ነው። እኛ ጋ የሚለጠፈው ሶሌታ ላይ ነው። ይህን ልዩነት ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ሚዛኑ። በ1 ካሬ ሜትር ምን ይገባል? ማቱ የሚለየው በክብደቱ ነው፤ ለጣሪያ የሚሆነው በካሬ 450 ግራም ወይም 600 ግራም የሚመዝነው ነው። የ450ው ማት በካሬ ከ1.3 እስከ 1.5 ኪሎ ሬዚን ይጠጣል። የ600ው ወደ 2 ኪሎ። ቶፕኮቱ ከግማሽ ኪሎ እስከ 600 ግራም ነው። ሃርደነሩ እንደ አየሩ ሙቀት ከሬዚኑ ክብደት ከ1 እስከ 3 በመቶ ነው፤ ሲሞቅ ይቀንሳል፣ ሲበርድ ይጨምራል።

ስለዚህ 100 ካሬ ጣሪያ በ450 ማት ቢሠራ 45 ኪሎ ማት፣ 150 ኪሎ ገደማ ሬዚን፣ ከ50 እስከ 60 ኪሎ ቶፕኮት ይፈልጋል። ለብክነት 10 በመቶ ጨምሩበት። ሬዚን የሚመጣው በበርሜል ነው፤ አንዱ በርሜል ከ220 እስከ 225 ኪሎ ይይዛል። እንግዲህ አንድ በርሜል 100 ካሬን በ450 ሸፍኖ ይተርፋል፣ በ600 ከሆነ ልክ ልኩን ይሆናል። ይህቺን ቁጥር በቃላችሁ ያዟት፤ "ሁለት በርሜል አልቋል" የሚላችሁን ሰው የምትጠይቁበት እሷ ናት። "ግማሽ በርሜል በቃን" የሚላችሁን ደግሞ የበለጠ ጠይቁት።

መርካቶ ኬሚካል የሚሸጡ ሁለት ሦስት ሱቆች ደውሉ፤ የዕለቱን የሬዚን፣ የማት፣ የቶፕኮትና የሃርደነር ዋጋ በኪሎ ጠይቁ፣ ከላይ ባለው አባዙ። የሚወጣው የቁሳቁሱ ዋጋ ነው። ከተሰጣችሁ ፕሮፎርማ ላይ ቀንሱት፤ የሚተርፈው የእጅ ዋጋ፣ የጠርዝ ሥራ፣ የሶሌታው ዝግጅትና የባለሙያው ትርፍ ነው። የሚተርፈው ብዙ ከሆነ ተደራደሩ። የሚተርፍ ከሌለ ግን፣ ማለትም ፕሮፎርማው ከቁሳቁሱ ዋጋ በታች ከሆነ፣ አትደሰቱ። ሰውየው በኪሳራ ሊሠራላችሁ አልመጣም። ከማቱ ወይ ከሬዚኑ አንዱ ይጎድላል ማለት ነው።

እንዴት ነው የሚጎድለው? መንገዱ ብዙ አይደለም። በ450 ተስማምቶ 300 ግራም ማት መዘርጋት አንዱ ነው፤ ከደረቀና ከተቀባ በኋላ በዓይን አይለይም። ሌላው ሬዚኑን በቀጭን ፈሳሽ ማቅጠን፣ ወይም እንደ ኖራ ያለ ርካሽ ዱቄት ቀላቅሎ ማብዛት ነው። ይሄን ለመያዝ ላቦራቶሪ አያስፈልግም፤ እናንተ ሚዛን አላችሁ። ማቱ ሳይነከር 1 ሜትር በ1 ሜትር ቁረጡና መዝኑት፤ 450 ግራም አካባቢ መምጣት አለበት። ከተሠራ በኋላ ደግሞ ከጠርዝ ከተቆረጠው ቁራጭ ቶፕኮት ያልነካውን 10 ሴንቲ በ10 ሴንቲ አድርጉና ደጅ ላይ፣ ከጭሱ ርቃችሁ አቃጥሉት። ሬዚኑ ይነዳል፣ መስታወቱ ይቀራል። የቀረውን ለቡና ናሙና በምትጠቀሙባት ትንሿ ሚዛን ላይ አድርጉ፤ ወደ 4.5 ግራም ካልመጣ ማቱ 450 አልነበረም። ከመስታወቱ ክር ጋር ብዙ ነጭ ዱቄት ከቀረም ምን እንደተቀላቀለ አወቃችሁ።

ዋጋው ለምን እንደሚወጣ እንደሚወርድ ለማወቅ ደግሞ ከየት እንደሚመጣ ማየት ነው። ሬዚን የነዳጅ የልጅ ልጅ ነው። ዋናው ማቅጠኛው ስታይሪን ከቤንዚንና ከኤትሊን ይሠራል (እዚህ ቤንዚን ስል መኪና የሚሞላውን ሳይሆን በዚያ ስም የሚጠራውን ኬሚካል ነው)። ድፍድፍ ነዳጅ ሲወደድ ሬዚንም ጥቂት ቆይቶ ይከተላል። ማቱም፣ ሃርደነሩም፣ ቶፕኮቱም በዶላር ተገዝተው በጅቡቲ የሚገቡ ናቸው። ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ በቀይ ባሕር መርከቦች ላይ በደረሰው ጥቃት የመርከብ ኪራይና ኢንሹራንስ ምን እንደሆነ ለዚህ ቻናል አንባቢ አላስተምርም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ላኪ ከሆናችሁ በአንድ በኩል የጠቀማችሁ ነገር ጣሪያችሁ ላይ ሲደርስ ይከፈላል ማለት ነው። "አምና በካሬ ይህን ያህል አሠርቻለሁ" የሚል የጎረቤት ወሬ ለዘንድሮ ዋጋ አይሆንም፤ የፕሮፎርማው ቀን ካለፈም አዲስ ጠይቁ።

እዚህ ላይ አንድ ፈተና አለ። የውጭ ምንዛሪ ያለው ሰው "ለምን እኔው አንድ ኮንቴይነር ሬዚን አላመጣም? ለቤቴም ይሆናል፣ ቀሪውን እሸጣለሁ" ማለቱ አይቀርም። ጥሩ ሐሳብ ይመስላል። ግን ሬዚን እንደ ብረት አይደለም፤ በቀዝቃዛ ቦታ ሳይከፈት ከተቀመጠ እንኳ ዕድሜው ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 6 ወር ነው፣ የሚመከረውም ከ25 ዲግሪ በታች እንዲቀመጥ ነው። ከፋብሪካ ወጥቶ ባሕር ላይ የቆየበትን ቁጠሩ፣ በበጋቸው ከ40 ዲግሪ በላይ በሚሞቀው ጅቡቲ ወደብ የተቀመጠበትን ጨምሩ፣ የጉምሩኩን ቀን ጨምሩ። በርሜሉ ተከፍቶ ውስጡ እንደ ጄሊ ረግቶ ቢገኝ የሚመለስበት መንገድ የለም። ደግሞም ሬዚኑ ተቀጣጣይ ፈሳሽ፣ ሃርደነሩ ደግሞ በራሱ አደገኛ ጭነት ተብለው የሚመደቡ ናቸው፤ ከቡና ጋር አንድ መጋዘን ማስቀመጥ የማይታሰብ ነው። የስታይሪን ሽታ ቡና ውስጥ ከገባ ቀማሹ ያገኘዋል። ስለዚህ ሥራው የእናንተ ካልሆነ ተዉት። ከሱቅ ስትገዙም በርሜሉ ላይ የተመረተበትን ቀን ሳታዩ አትክፈሉ።

አሁን ሁሉም ሰው ወደሚዘለው ነገር እንምጣ፤ ተዳፋቱ።

ብዙ ሰው ጣሪያው የሚያፈሰው ልባሱ ስለተበላሸ ይመስለዋል። ግማሹ ቤት የሚያፈሰው ውሃው የሚሄድበት ስለሌለ ነው። 100 ካሬ ጣሪያ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት 100 ሊትር ውሃ ነው። ሐምሌ ላይ በአንድ ሰዓት 30 ሚሊ ቢወርድ 3,000 ሊትር፣ 3 ቶን ውሃ ጣሪያችሁ ላይ አረፈ ማለት ነው። መውጫው አንዲት ቋሚ ቱቦ ብትሆንና እሷም ቅጠል ቢዘጋት ምንም ዓይነት ፋይበር አያድናችሁም። "ጠፍጣፋ" ይባላል እንጂ ጠፍጣፋ መሆን የለበትም። ሲታቀድ በ1 ሜትር 2.5 ሴንቲ ዝቅ እንዲል ተደርጎ ነው፤ ተሠርቶ ሲያልቅ ቢያንስ 1.25 ሴንቲ እንዲቀር።

ሶሌታው ሲሞላ ተዳፋት ካልተሠራለት በኋላ በስክሪድ ማበጀት ነው ያለው። እዚህ ላይ ነው ሒሳቡ የሚያስደነግጠው። 10 ሜትር በ10 ሜትር ሶሌታ በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሜትር 2.5 ሴንቲ ብታዳፉት ከፍ ያለው ጫፍ 25 ሴንቲ ይወፍራል፣ አማካዩ 12.5 ሴንቲ ነው። 12.5 ሜትር ኩብ ስክሪድ፣ በሜትር ኩብ 2 ቶን ገደማ፣ 25 ቶን! አንድ ሙሉ ኮንቴይነር ቡና 320 ጆንያ፣ 19.2 ቶን ነው። ከአንድ ኮንቴይነር ቡና በላይ አናታችሁ ላይ ጫናችሁ ማለት ነው፤ ለዘላለም። የመኖሪያ ቤት ወለል ለሰውና ለዕቃ የሚሰላለት ጭነት ደግሞ በተለምዶ በካሬ 200 ኪሎ አካባቢ ነው፤ ወፍራሙ ጫፍ ላይ ያለው ስክሪድ ብቻውን በካሬ 500 ኪሎ ይመዝናል። መካከሉን ከፍ አድርጎ ወደ ሁለት ጎን ማዳፋት ክብደቱን በግማሽ ይቀንሰዋል። ፑሚስ የገባበት ቀላል ስክሪድ ደግሞ የበለጠ ያቀላል። የትኛውም ቢሆን መሐንዲስ ሳያይ እንዳይሆን። ፎርማኑ "ችግር የለውም ጋሼ" ቢላችሁም።

ተዳፋቱ ካለቀ በኋላ የሚመጣው እርጥበት ነው። ከላይ ያዙልኝ ያልኩት ልዩነት ይሄ ነው። የእንጨት ቦርድ ደርቆ ይመጣል፤ ሲሚንቶ ግን ውሃ ጠጥቶ የተሠራ ነገር ነው፣ ላዩ ደርቆ ሆዱ እርጥብ ይሆናል። በእርጥብ ሶሌታ ላይ ፋይበር ካለበሳችሁ ፀሐይ ሲመታው ውስጡ ያለው ውሃ ተንኖ መውጫ ያጣና ልባሱን እንደ ውሃ የቋጠረ እጅ ያሳብጠዋል። ከዚያ ይላቀቃል። እርጥቡን ቡና በጆንያ አጭቆ መጋዘን እንደማስገባት ነው፤ 12 በመቶ ሳይደርስ የገባ ቡና ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ።

መፈተኛው ቀላል ነው። ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ላስቲክ ቆርጣችሁ አራቱንም ጎን በፕላስተር ሶሌታው ላይ አጥብቃችሁ ለጥፉ። ከቀኑ 10 ሰዓት ለጥፋችሁ ጠዋት 2 ሰዓት አንሱት። ከላስቲኩ ሥር ጤዛ ካለ ወይም ሲሚንቶው ጠቁሮ ከተገኘ ገና ነው። ሦስት አራት ቦታ ሞክሩ፣ በተለይ ውሃ የሚቋጥርበትን ጥግ። አዲስ ስክሪድ ቢያንስ አንድ ወር ይሰጠው። ከደረቀ በኋላም ፋይበሩ ከመለጠፉ በፊት ለሲሚንቶ የሚሆን ፕራይመር ይቀባል፤ ይሄ በብዙ ፕሮፎርማ ላይ የለም። ከሌለ "የት አለ?" በሉ።

ታዲያ ያዋጣል አያዋጣም? የኔ ሐሳብ ግልጽ ነው። ሙሉውን 150፣ 200 ካሬ ሶሌታ በፋይበር ማልበስ ለአብዛኛው ሰው አያዋጣም። ሰፊ ቦታ ላይ ሙቀትና ብርድ ሲፈራረቅ ልባሱ ይሰፋል ይጠብባል፤ ደገኛው አገራችን ደግሞ ቀን ያቃጥላል፣ ሌሊት ያንዘፈዝፋል። የመስፋፊያ መገጣጠሚያ ካልተበጀለት ይሰነጠቃል፤ በአግባቡ የሚያበጀው ባለሙያ ደግሞ እንደልብ አይገኝም። ለሰፊ ሶሌታ ከላይ ቀለል ያለ የብረት ማገር ተክሎ ኢጋ ቆርቆሮ ማልበስ ይሻላል። እሱም ጥቅሉ በዶላር ነው የሚመጣው፣ ርካሽ ነው አልልም፤ ግን ሠራተኛው በየሰፈሩ አለ፣ አንዱ ቢበሳ አንዱን ትቀይራላችሁ፣ ሶሌታውንም ጥላ ይሆነዋል። በእሳት የሚለጠፈው የሬንጅ ሜምብሬንም ሰፊ ቦታ ላይ ይሄዳል፣ ጠርዙ ላይ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ፋይበር ገንዘቡን የሚያወጣው ትንሽና ውስብስብ ቦታ ላይ ነው። ባልኮኒ፣ የደረጃው ቤት አናት፣ ሮቶ የተቀመጠበት መደብ፣ በሲሚንቶ የተሠራ አሸንዳ፣ ሦስት አራት ቱቦ ሶሌታውን በስቶ የወጣበት ጥግ። እዚያ ቆርቆሮ አይታጠፍም፣ ሜምብሬን ይቀደዳል፤ ፋይበር ግን እንደ ሊጥ ቅርጹን ይይዛል። 15 ወይም 20 ካሬ እንዲህ ያለ ቦታ በ600 ማት አሠርታችሁ ሰፊውን በቆርቆሮ ብትሸፍኑ ካሬው ውድ ቢሆንም አጠቃላይ ወጪው ይወርዳል። ቀለሙን ነጣ ያለ ግራጫ አድርጉት፤ ጥቁር ቶፕኮት የሚያምረው ለሁለት ወር ነው፣ ፀሐዩን ሁሉ ይጠጣል።

ደግሞ አንድ ነገር። ሶሌታችሁ ላይ "ወደፊት ፎቅ እጨምራለሁ" ተብሎ ፌሮ ተከምሮ ቆሞ ከሆነ፣ እያንዳንዱ ፌሮ የውሃ በር ነው። ብረቱ ይዝጋል፣ ውሃው እሱን ተከትሎ ወደ ኮርኒስ ይወርዳል። በሦስት ዓመት ውስጥ የምር የምትጨምሩ ከሆነ 20 ዓመት ለሚቆይ ልባስ ገንዘብ አታውጡ፣ በጊዜያዊ ቆርቆሮ እለፉት። የማትጨምሩ ከሆነ ደግሞ እውነቱን ለራሳችሁ ተናገሩና መሐንዲስ አማክራችሁ ፌሮውን ቁረጡት፣ ከዚያ አልብሱት።

ወቅቱስ? ይሄ ለእናንተ ዋናው ይመስለኛል። ፋይበር ዝናብ ካየ ተበላሸ፤ ጣሪያ የሚሠራበት ጊዜ ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። ቡና አቅራቢና ዩኒየን ጥሬ ገንዘብ የሚያጥርበትም ያው ጊዜ ነው፤ እሸት ቡና የሚገዛው በጥሬ ገንዘብ ነው፣ አርሶ አደሩ ነገ አይልም። በዚያ ሰዓት ከመግዣ ገንዘብ ላይ ለጣሪያ የሚወጣ እያንዳንዱ ብር ያልተገዛ ቡና ነው። ስለዚህ ብዙው ሰው "ከሽያጭ በኋላ" እያለ ይቆይና ግንቦት ላይ ይሮጣል። ግንቦት ላይ ሁሉም ይሮጣል፤ ሠራተኛው ይወደዳል፣ ሶሌታው የበልግ ዝናብ ጠጥቷል፣ ጊዜም የለም።

መውጫው ሥራውን ለሁለት መክፈል ነው። ጥቅምት መጨረሻ ወይም ኅዳር ላይ ተዳፋቱንና ቋሚ ቱቦውን አሠሩ፤ ሲሚንቶና አሸዋ የአገር ውስጥ ዕቃ ነው፣ ከአጠቃላዩ ወጪ ዶላር የማይነካው ክፍል እሱ ነው። ከዚያ ስክሪዱ ይደርቃል፤ መድረቅ ስላለበት መጠበቁ ኪሳራ አይደለም። ጥር ላይ የመጀመሪያው ጭነት ገንዘብ ሲገባ ሬዚኑን ገዝታችሁ ፋይበሩን አስለጥፉ። የካቲትን አታሻግሩት፤ በልግ ቀድሞ ሊመጣ ይችላል። የሰሊጥ ሰዎች ገንዘባችሁ ቀደም ብሎ ስለሚገባ ከዚህም ማፍጠን ትችላላችሁ።

ክፍያውን በተመለከተ ግማሽ ቅድሚያ ቆጥሮ መስጠት ይቅር። ቁሳቁሱን ራሳችሁ ግዙ፣ ወይም ባለሙያው ያምጣና ግቢያችሁ ገብቶ በርሜሉና ማቱ ከተመዘነ በኋላ የቁሳቁሱን ክፈሉ። የእጅ ዋጋውን ግማሽ ሲለጠፍ፣ ከቀሪው አብዛኛውን የውሃ ፈተናው ሲያልፍ። ፈተናው መውጫውን ደፍኖ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ውሃ አቁሮ ለ24 ሰዓት፣ ቢቻል ለ48፣ ከሥር ኮርኒሱን ማየት ነው። ትንሿን ቀሪ ደግሞ ነሐሴ ካለፈ በኋላ። ሠራተኞቹ ሃርደነር ሲቀዱ መነጽር ማድረጋቸውን እዩ፤ ዓይን ውስጥ ከገባ ያሳውራል። ማፍጠኛ የሚባለው ወይን ጠጅ መሳይ ፈሳሽ ለብቻው ከመጣ ደግሞ ከሃርደነር ጋር በቀጥታ እንዳይደባለቅ፤ ይፈነዳል።

ፕሮፎርማ በእጃችሁ ያለ የማቱን ግራም፣ የሬዚኑን ኪሎ፣ ፕራይመር መኖር አለመኖሩንና ከተማችሁን ጽፋችሁ በውስጥ መስመር ላኩልን፤ የባለሙያውን ስምና ስልክ አትላኩ። በቂ ከደረሰን የየከተማውን ዋጋ ጎን ለጎን አድርገን እናወጣለን። የቡና ዋጋ ነገ ጠዋት እንደተለመደው።